የፒያሳና የሸዋ በር አሮጌ ቤቶች ይጠገኑ ወይስ ለፎቅ ይልቀቁ?

ጥያቄው፦ ደሴ ላይ የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ አይጠየፍም ሆነ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ሙዚየም ለክርክር አይቀርቡም። የምንነጋገረው በቅርስነት ስላልተመዘገበው ተራ ቤት ነው፤ እንጨትና ጭቃ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ፊት ለፊቱ የእንጨት ሰገነት ያለው። ምን ይደረግ?

ግንበኛው፦ ይጠገን! አብዛኞቹን የጎዳቸው እርጅና ሳይሆን ሲሚንቶ ነው። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል። በሲሚንቶ ሲለሰን ውሃው መውጫ ያጣና ወርዶ የቋሚውን እግር ያበሰብሳል። ግድግዳውን በጣት አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከጭቃው ተላቋል። ቋሚውን ከመሬት አጠገብ በቢላ ጫፍ ውጉት፤ ቢላው ሰተት ብሎ ከገባ እግሩ አልቋል።

ይህ ጉዳት ቤት ለማፍረስ አያበቃም። ጣሪያውን በባሕር ዛፍ ደግፉና የበሰበሰውን ቁረጡ። አዲሱን እግር ከጤናማው እንጨት ጋር 40 ሳ.ሜ. ያህል በሰያፍ አደራርባችሁ በሁለት ቡሎን እሰሩት። መልሳችሁ አፈር ውስጥ እንዳትቀብሩት! ከመሬት 40 ሳ.ሜ. ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም። አንዱን ቋሚ ሳትጨርሱ ሌላውን አትንኩ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ቢያንስ 2 ሳምንት ይቡካ። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አብሽሩ፣ ሁለተኛው ይሞላዋል። ማጠናቀቂያው 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ አሸዋ ነው።

መሐንዲሷ፦ ጋሼ፣ ስለ እርጥበቱ ያሉት ልክ ነው። ግን ያለነው የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷታል። በእንጨት የተዋቀረው ቤት እየተወዛወዘ ሊተርፍ ይችላል። ድንጋዩ በጭቃ የተያያዘው ባለ አንድ ፎቅ ግን ማዕዘኑ ይከፈትና ግድግዳው ወደ መንገድ ይወድቃል። ማዕዘኑ ላይ ከላይ እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ ካለ ሰው ከሥሩ ይውጣ። እንዲህ ያለውን ጠግኑ ማለት ይከብደኛል።

የሸዋ በሩ፦ እህቴ፣ የሚተካውስ? ምድር ቤቱ ሙሉ በሙሉ ሱቅ ነው፤ ከኮለን (ከኮንክሪት ምሰሶ) በቀር ግድግዳ የለውም፣ ከላይ በብሎኬት የታጨቀ አራት ወለል ይጫንበታል። ሲናወጥ ቀድሞ የሚታጠፈው እሱ አይደለም?

መሐንዲሷ፦ ነው። ለዚህም ነው ስታፋ ላይ፣ ማለትም የኮለኑን ብረቶች ዙሪያቸውን በሚያስረው ቀለበት ላይ፣ የምንጨቀጭቀው። ኮለኑ ከቢም ጋር በሚገናኝበት አካባቢ በየ10 ሳ.ሜ. ይታሰር፤ የስታፋው ጫፍ 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ኮለኑ ውስጥ ይግባ፤ ለባለ 8 ሚሊ ብረት ጅራቱ 8 ሳ.ሜ. ይሁን። 90 ዲግሪ ብቻ የታጠፈ ስታፋ ኮንክሪቱ ሲላጥ ይፈታል። ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት በዓይን ካልታየ በኋላ ማንም አያየውም። ፎቅ ስል በዚህ መንገድ የተሠራውን ነው።

ከኮምቦልቻ፦ እኛ ዘንድ ደግሞ መስታወቱ አለ። ኮምቦልቻ ከደሴ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ወደ ምዕራብ የዞረ ሙሉ መስታወት ከሰዓት በኋላ ቢሮውን ምድጃ ያደርገዋል። የአሮጌው ቤት ሰገነትና ረጅም የክዳን ጠርዝ ፀሐዩንም ዝናቡንም ይከላከሉ ነበር። አዲሱን ስትሠሩ ቢያንስ ይህን ውረሱ።

የቤት ባለቤቶችን ወክሎ፦ ገንዘቡስ? አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የያዘ ሰው ያለ ፈቃድ እንዳይጠግን ይከለክላል፤ ወጪው ከአቅሙ በላይ ሲሆን መንግሥት በከፊል ሊረዳው እንደሚችልም ይናገራል። ያልተመዘገበው ቤት ግን ይህ ተስፋ የለውም። አምስት ወራሽ ያለበት ቤት ደግሞ አንዱ ልጠግን ሲል አራቱ ይሸጥ ይላሉ። በኪራይ ልጠግን ቢሉም የሰገነት ቤት ኪራይ ከአምስት ሱቅ ኪራይ ጋር አይወዳደርም። ባለቤቱን ብቻውን ጥፋተኛ አታድርጉት።

ግንበኛው፦ እውነት ነው፣ የባለቤቱ ሸክም ከባድ ነው። ሁሉም ይዳን አልልም፤ እህቴ ያለችው የተከፈተ ማዕዘን ያለበት ይፍረስ። ግን ከመፍረሱ በፊት ወለሉ ይለካ፣ የሰገነቱ መጋጠሚያ በቅርብ ፎቶ ይነሳ፣ የጥዱና የወይራው ቋሚ ለሌላ ቤት ጥገና ይቀመጥ። ቆሞ የሚቆየው ላይ ደግሞ የዘንድሮ ክረምት ሳይገባ አሸንዳው ይስተካከል፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደውም ውሃ ከቤቱ ጀርባ በቦይ ይመለስ። ይህ ሳይሆን ቋሚ መቀየር ከንቱ ድካም ነው።

መሐንዲሷ፦ በቦዩ እስማማለሁ። በማዕዘኑ ግን የሚወስነው በዓይን አይቶ ሳይሆን ለክቶ ይሁን፤ ስንጥቁ ላይ የጄሶ ምልክት አድርጉና ቀን ጻፉበት። በ3 ወር ውስጥ ጄሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው።