ዜና መስለው የሚመጡ የማጭበርበሪያ ማስታወቂያዎች፦ በምን ይለያሉ? ከስልክስ እንዴት ይወገዳሉ?

ጠባሴ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ደብረ ብርሃን ስልክ ለማስጠገን ከጫጫ፣ ከደብረ ሲና፣ ከመሐል ሜዳ የሚመጡ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ያሳያሉ። ከዜናው ግርጌ «ታዋቂው ሐኪም ስኳርን የሚያጠፋ መድኃኒት ይፋ አደረገ» ወይም «ባንኮች የደበቁት የገንዘብ ምንጭ» የሚል ርዕስ አለ፤ ሲነካ የዜና ጣቢያ ዓርማ ያለበት ገጽ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ብሮውዘሩ ተዘግቶም ማስታወቂያው ይጎርፋል። ብዙ ላልተማረ ሰው ገጹን በምን ልለይለት? ጎርፉንስ ስልኩን ሪሴት ሳላደርግ እንዴት ላቁመው?

ጣርማ በር፦
ዓርማና ፎቶ ማንም ይቀዳል። ሊቀዳ የማይችለው አድራሻው ነው። ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር (/) በፊት ያለውን ክፍል ከመጨረሻው ጀምረህ አንብብ። «ዜናጣቢያ ነጥብ ዕለታዊ ነጥብ ሾፕ» ካለ ባለቤቱ «ዕለታዊ ነጥብ ሾፕ» ነው፤ ከፊቱ ያለውን ስም ባለቤቱ እንደፈለገ ይለጥፈዋል። ስልክ ላይ አድራሻው ስለሚቆረጥ ነክተህ ሙሉውን አውጣው። ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ውስጥ ከተከፈተ በሦስቱ ነጥቦች በኩል ወደ ክሮም አሻግረው።

አድራሻ ማንበብ ለሚከብደው ሰው ግን ይህ ይሻላል፦ ገጹ አናት ላይ «ስፖርት» ወይም «ኢኮኖሚ» የሚለውን ይንካ። እውነተኛ ጣቢያ ወደ ስፖርት ዜና ይወስደዋል፤ የውሸቱ ግን የትም ቢነካ ስምና ስልክ ቁጥር ወደሚጠይቅ ያው ቅጽ ይመልሰዋል።

ቀኑም ያጋልጣል። ብዙዎቹ ገጾች ቀኑን የሚወስዱት ከስልኩ ሰዓት ስለሆነ «ዜናው» ሁልጊዜ የዛሬ ነው። የስልኩን ቀን በሁለት ቀን ወደኋላ መልሰህ ገጹን እንደገና ክፈት፤ የዜናው ቀንም አብሮ ከተመለሰ ውሸት ነው። ባይመለስ ግን እውነት ነው ማለት አይደለም። ከዚያ በላይ አትመልሰው፤ የደህንነት ሰርተፊኬቱ (ገጹ የራሱ መሆኑን የሚያረጋግጠው፣ የጊዜ ገደብ ያለው ሰነድ) ከቀኑ ጋር ላይጣጣም ስለሚችል ደህናው ገጽም እምቢ ሊል ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ሊንኩን አዲስ አበባ ላለ ባለሙያ ስትልክ «ምንም የለበትም» ሊልህ ይችላል። ገጹ ከኮምፒውተር ወይም ከሌላ ቦታ ለሚከፍተው ንጹሕ ጽሑፍ እንዲያሳይ ተደርጎ ይሠራል፤ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪዎችን የሚያልፈውም በዚህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አድራሻው እየታየ ስክሪንሾት አንሳ።

አንኮበር፦
ጎርፉ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ አይደለም፤ «አላው» (ፍቀድ) የሚለው ተነክቶ ለገጹ የተሰጠ የኖቲፊኬሽን መላኪያ ፈቃድ ነው። ሂስትሪ ማጥፋት አይነካውም። ክሮም ላይ ሦስቱ ነጥቦች፣ ሴቲንግስ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ኖቲፊኬሽንስ ግባ። ከተፈቀደላቸው ውስጥ የማታውቀውን እየነካህ ብሎክ አድርግ። እዚያው «ፖፕ አፕስ ኤንድ ሪዳይሬክትስ» መዘጋቱን እይ።

ማስታወቂያው ክሮም ሳይከፈት ሙሉ ስክሪኑን የሚይዝ ከሆነ ግን ጥፋቱ የተጫነ አፕ ነው። ስልኩን በሴፍ ሞድ (የተጫኑ አፖች በማይሠሩበት ሁኔታ) አስነሳው፤ ከጠፋ በቅርብ የተጫኑትን አንድ በአንድ አራግፍ። «አንኢንስቶል» ካልሠራ አፑ የዲቫይስ አድሚን ወይም የአክሰሲቢሊቲ ፈቃድ (ስልኩን እንዲቆጣጠር የሚያስችል ፈቃድ) ይዞ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ያንን ንጠቀው። በመጨረሻም «ኢንስቶል አንኖውን አፕስ» ውስጥ ክሮምንና ቴሌግራምን ዝጋ።

ሞረትና ጅሩ፦
ቅጹን ለሞሉትም ይታሰብ። ማስታወቂያውን የሚያሰራጨው ሰው በተመዘገበ ቁጥር ልክ ይከፈለዋል፤ ዋናው ማታለል የሚመጣው ከዚያ በኋላ በስልክ ጥሪ ነው። ቁጥር ብቻ ከሰጡ ደዋዩን መዝጋት፣ በመልእክት የሚመጣ ኮድም ለማንም አለመንገር ይበቃል። የቴሌብር ፒን ከነገሩ ግን ወዲያው 127 ደውለው ያሳግዱ፣ ፒኑንም ይለውጡ፤ ለንግድ ባንክ 951 ነው። ገንዘብ ወጥቶ ከሆነ የግብይት ቁጥሩ ያለበትን መልእክት ሳያጠፉ ለፖሊስ ያመልክቱ። ገንዘቡ በካሽ ከወጣ ማስመለሱ በጣም ይከብዳል፤ መፍጠን ያለባቸው ለዚህ ነው።

የመድኃኒቱ ነገር ከገንዘቡ በላይ ያሳስበኛል። እነዚህ ገጾች «ኢንሱሊን አያስፈልግም» ይላሉ፤ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በራሱ ቢያቆም በቀናት ውስጥ ለሞት የሚያደርስ አደጋ ሊገጥመው ይችላል። ስልኩን ስትመልስላቸው ይህን ሳትነግራቸው አትሸኛቸው፣ ወንድሜ። «ኢንቨስት አድርጉ» ለሚለው ደግሞ፣ አክሲዮንና መሰል ሰነድ ለሕዝብ ለማሻሻጥ ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል (አዋጅ 1248/2013)፤ ፈቃዱን አሳዩኝ ይበሉ።

ጠባሴ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የክሮምን ኖቲፊኬሽን ስዘጋ የባንክ መልእክት አብሮ ይቀራል ብለው የሚፈሩ አሉ።

አንኮበር፦
አይቀርም። የባንክና የቴሌብር መልእክት የሚመጣው በኤስኤምኤስ ወይም በራሳቸው አፕ ነው፤ የክሮም ፈቃድ አይነካቸውም።