በ1882 ግብፅ የዘመቱት ወዶ ዘማች ፖስተኞችና የ1 ፔኒ የወታደር ደብዳቤ

ቴምብር ወዳድ (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖች። ለጨረታ በቀረበ አንድ የደብዳቤ ፖስታ ላይ ምክራችሁን እሻለሁ። ባለ 1 ፔኒ ሐምራዊ የእንግሊዝ ቴምብር ተለጥፎበታል። ማኅተሙ «የብሪታንያ ጦር ፖስታ ቤት፣ ግብፅ» ይላል፤ ቀኑ ሴፕቴምበር 1882 ነው (ዓመተ ምሕረቱንና ወሩን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጻፍ፣ እንዳንደናገር)። ከላይ የአንድ ተራ ወታደር ስምና ሬጅመንቱ፣ ከታች በግራ ጥግ የሌላ ሰው ፊርማ አለ። ሻጩ «የወዶ ዘማች ፖስተኛ ደብዳቤ» ብሎ ዋጋውን ሰቅሎታል።

የእንግሊዝ ወዶ ዘማች (ከሥራው ጎን ለጎን በፈቃዱ የሚሠለጥን የትርፍ ጊዜ ወታደር) ባሕር ተሻግሮ እንዲዘምት ሕጉ አይፈቅድም ሲባል አውቃለሁ፤ ታዲያ ግብፅ ድረስ በምን አግባብ ሄደ? ደግሞስ ከግብፅ እንግሊዝ በ1 ፔኒ ይደርሳል? ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ምን ምኑን ልመርምር?

ሰነድ አገላባጭ

ስለ ሕጉ የሰሙት ልክ ነው። በ1863 የወጣው የወዶ ዘማቾች ሕግ አንድ ወዶ ዘማች ለግዳጅ የሚጠራው ጠላት የብሪታንያን ምድር ሲወርር ወይም ሊወርር ሲያሰጋ ብቻ ነው ይላል። ከዚህ ውጭ የ14 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መሰናበት ይችላል። በሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ጥሎ የሚሄድን ሰው ይዞ ግብፅ ውስጥ እስማኢሊያ ድረስ መዝመት እንደማይቻል ግልጽ ነው።

የፖስተኞቹ ወዶ ዘማች ክፍል የተወለደው ግን ለዘመቻ ተብሎ አልነበረም። በዲሴምበር 1867 ፌኒያን የሚባሉት የአየርላንድ ነፃነት ታጋዮች ለንደን ውስጥ የክለርከንዌልን እስር ቤት ግንብ በፈንጂ ሲያፈርሱ ፖስታ ቤቱ ሕንፃዎቹን እንዲጠብቁለት ሠራተኞቹን አደራጀ። ከእነዚህ ሰዎች መካከል በ1868 ዱ ፕላ ቴይለር የተባለው የፖስታ ቤቱ ሹም 49ኛውን የሚድልሴክስ ጠመንጃ ያዥ ወዶ ዘማች ክፍል አቋቋመ። በ1880 ቁጥሩ ተለውጦ 24ኛ ተባለ። የተለያየ ቁጥር የያዙ ሰነዶች ቢያዩ ሁለቱም ያው አንድ ክፍል ናቸው።

እነዚህን ሰዎች የማዝመቱ መላ የተገኘው ጁላይ 22 ቀን 1882 በወጣው የንግሥቲቱ ትእዛዝ ነው። በትእዛዙ መሠረት ከ24ኛው ሚድልሴክስ የተመረጡት ሰዎች ለ6 ዓመት በመደበኛው ጦር ተጠባባቂነት ይመዘገባሉ። ተጠባባቂን ደግሞ ውጭ አገር ማዝመት ይቻላል። ስለዚህ ሰውየው አገር ቤት እያለ የፖስታ ቤት ሠራተኛና ወዶ ዘማች ነው፤ መርከብ ሲሳፈር ግን በወታደራዊ ሕግ የሚገዛ ወታደር ይሆናል። ስማቸውም «የጦር ፖስታ ቤት ጓድ» ሆነ፤ 2 መኮንኖችና 100 ሰዎች፣ አዛዣቸው ሻለቃ ስተርጀን።

ከዚያ በፊት፣ በ1854 የክራይሚያ ጦርነት ጊዜ፣ የተላኩት ሲቪል የፖስታ ሠራተኞች ነበሩ። የ1882ዎቹ ዋናውን ፖስታ ቤት በእስክንድርያ ከፈቱ፤ የዘመቻው አዛዥ ጄኔራል ዎልስሊ ጦሩን ወደ ስዊዝ ቦይ ሲያዞር ተከትለው ወደ እስማኢሊያ ዞሩ፤ ካሳሲን በተባለው ስፍራም የተኩስ እሳት ቀመሱ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እነዚህ ሰዎች ደብዳቤውን የተቀበሉ፣ ማኅተም የመቱ፣ የለዩና የላኩ ናቸው። በፖስታው ላይ የሬጅመንት ስም ካለ ላኪው ሌላ ወታደር ነው። ሻጩ የሰጠው ስም ስሕተት ነው፤ ዋጋውንም ያለአግባብ የሰቀለው ይኸው ስም ነው።

የማኅተም ዐይን

የ1 ፔኒው ጉዳይ የራሱ ሕግ አለው፤ ከቴምብር መፈጠርም በፊት የወጣ ነው። በ1795 የእንግሊዝ ፓርላማ በአገልግሎት ላይ ያለ ተራ ወታደር፣ የበታች ሹምና መርከበኛ ርቀቱ ምንም ይሁን ምን አንዱን ደብዳቤ በ1 ፔኒ እንዲልክ ፈቀደ። ያን ጊዜ የፖስታ ዋጋ በርቀት ይቆጠር ስለነበር ለምስኪን ወታደር ትልቅ እፎይታ ነበር። ቅድመ ሁኔታዎቹ ግን ጥብቅ ናቸው፣ የእርስዎም ፖስታ የሚመዘነው በእነሱ ነው።

ደብዳቤው ስለ ወታደሩ የግል ጉዳይ ብቻ መሆን አለበት፤ የሌላ ሰው ደብዳቤ በውስጡ ማሸግ አይቻልም። ክፍያው ሲላክ በቅድሚያ ይፈጸማል። በፖስታው ላይ የወታደሩ ስም፣ ማዕረጉና ሬጅመንቱ ይጻፋል፤ በዚያው ላይ አዛዡ በገዛ እጁ ይፈርምበታል። በግራ ጥግ ያዩት ፊርማ ይኸው ነው፣ ያለ እሱ መብቱ አይሠራም። ክብደቱ በኋለኞቹ ደንቦች ከግማሽ አውንስ፣ ማለትም ከ14 ግራም ገደማ፣ ማለፍ የለበትም። መኮንኖች በዚህ መብት አይጠቀሙም፤ የሚከፍሉት እንደማንኛውም ሲቪል ነው።

ደብዳቤ የሚበላሸው በጥቃቅኑ ነገር ነው። ፊርማው ሲረሳ፣ ሬጅመንቱ ሳይጻፍ ሲቀር፣ ወረቀቱ በዝቶ ሚዛኑን ሲደፋ፣ ፖስታ ቤቱ መብቱን ሰርዞ በመደበኛው ዋጋ ያስብና ጉድለቱን ከተቀባዩ ይጠይቃል። የብዕር ወይም የማኅተም የዕዳ ምልክት ያለበት የወታደር ፖስታ ካገኙ «ቆሻሻ» ብለው አይናቁት፤ ደንቡ በተግባር ሲሠራ የሚያሳይ ስለሆነ እኔ ከንጹሑ አስበልጬ አየዋለሁ።

ከቤተሰብ ወደ ወታደሩ የሚሄደውም በዚያው 1 ፔኒ ነው፤ እሱም በቅድሚያ የተከፈለና ስሙ ከነሬጅመንቱ የተጻፈ ከሆነ። ሬጅመንቱ ቦታ ቢቀይር ደብዳቤው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይከተለዋል። የሚረከበው ባለቤቱ ወይም አዛዡ በጽሑፍ የወከለው ሰው ነው። ሁለትና ሦስት አድራሻ የተሰረዘበት፣ ግን የዕዳ ምልክት የሌለበት ፖስታ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ቴምብር ወዳድ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ገለጣችሁልኝ። አንድ ልጨምር፦ በ1868 መቅደላ ድረስ በመጣው የናፒየር ጦር ላይም ይኸው ደንብ ይሠራ ነበር? እነዚያስ ፖስተኞች ወዶ ዘማቾች ነበሩ?

ዙላ

አይ፣ ወዶ ዘማቾቹ እዚያ የሉም፤ የናፒየር ጦር የተሰናዳው ከቦምባይ ስለሆነ ፖስታውን የያዘው የሕንድ ፖስታ አገልግሎት ነው። ዋናው መግቢያ በቀይ ባሕር ዳርቻ ያለው ዙላ ነበር፣ የተለጠፈውም የሕንድ ቴምብር ነው። በዘመቻው ውስጥ ተልኳል ተብሎ በእንግሊዝ ቴምብር የሚሸጥ ካለ ከመግዛትዎ በፊት አጥብቀው ይጠይቁ።

የ1 ፔኒው መብት ግን ሕንድ ውስጥ በነበሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ላይም ይሠራ ነበር፤ ሒሳቡ ወደ ሕንድ ገንዘብ መለወጥ ነበረበት። አንድ ሩፒ 16 አና፣ አንድ አና 12 ፓይ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሩፒ 192 ፓይ። ሩፒው በ2 ሽልንግ፣ ማለትም በ24 ፔኒ፣ ሲመነዘር 1 ፔኒ ልክ 8 ፓይ ይመጣል። በ1860 ባለ 8 ፓይ ቴምብር የታተመው ለዚሁ የወታደር ደብዳቤ ነው። በኋላ የብር ዋጋ ሲወድቅ ሩፒውም አብሮ ወረደና በ1874 ባለ 9 ፓይ ወጣ። ስለዚህ በመቅደላው ዘመቻ የአንድ እንግሊዛዊ ተራ ወታደር ደብዳቤ ላይ የሚጠበቀው 8 ፓይ ነው፤ 9 ፓይ ካዩበት ዘመኑ አይገጥምም። መቅደላ የተያዘችው አፕሪል 13 ቀን 1868 ነውና ከስድስት ዓመት በኋላ የታተመ ቴምብር ሊለጠፍበት አይችልም።

የማኅተም ዐይን

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፣ ስለ ምርመራው።

ከቴምብሩ ይጀምሩ። የ1 ፔኒው ሐምራዊ ጁላይ 1881 ሲወጣ በየማዕዘኑ 14 ነጥብ ነበረው፤ ከዚያው ዓመት ዲሴምበር ጀምሮ 16 ሆነ። በ1882 ዘመቻ ላይ 16ቱ የተለመደ ነው። 14 ነጥብ ማለት ሐሰት ነው አልልም፣ ግን የቆየ ቴምብር ይዞ የዘመተ ሰው መሆን አለበትና ሌላው ሁሉ ይበልጥ ይጣራ። ማጉያ መነጽር ይበቃል።

ቀጥሎ ማኅተሙ ከቴምብሩ አልፎ ወረቀቱ ላይ መዝለቁን ይዩ። ቀለሙ ጠርዙ ላይ ከተቋረጠ ቴምብሩ ከሌላ ቦታ ተነሥቶ የተለጠፈ ነው። የስሙና የፊርማው ቀለም ከአድራሻው ቀለም የተለየ ቢሆን አይደንግጡ፣ አዛዡ በራሱ ብዕር ነው የፈረመው። ይልቅስ ሁሉም በአንድ እጅ ጽሑፍ ከሆነ ይጠርጥሩ።

ከሁሉ የሚበልጠው የሬጅመንቱ ጥያቄ ነው። ማኅተሙ በተመታበት ቀን ያ ሬጅመንት ግብፅ ነበር ወይ? የቴል ኤል ከቢር ውጊያ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1882 ነውና በዘመቻው ግብፅ የነበሩ ሬጅመንቶች ዝርዝር በቀላሉ ይገኛል። ከዝርዝሩ ካልተገኘ ፊርማው ቢያምርም አይግዙት።

ሰነድ አገላባጭ

ሱዳንን ላክልበት፣ የሻጮች ማምታቻ የሚበዛው እዚያ ነው። በ1885 የጦር ፖስታ ቤት ጓዱ እንደገና ዘምቶ በቀይ ባሕር ዳርቻ ባለችው የሱዳን ወደብ ሱዋኪን ሠርቷል። ካርቱም የተከበበውን ጄኔራል ጎርደንን ለማዳን በአባይ ሽቅብ የወጣው ጦር ደብዳቤ ግን በግብፅ ፖስታ በኩል፣ በግብፅ ቴምብር ነው የሄደው፤ ሁለቱን አያደባልቁ።

በዚያው ዓመት አውስትራሊያ ውስጥ የነበረው የኒው ሳውዝ ዌልስ ቅኝ ግዛት መንግሥት በራሱ ወጪ 750 ያህል ሰው ሱዋኪን ልኳል። እነዚህም «ወዶ ዘማች» ይባላሉ፣ ነገር ግን የ1863ቱ ሕግ አይመለከታቸውም፤ በገዛ ፈቃዳቸው ለዚያ ዘመቻ የተቀጠሩ የቅኝ ግዛቱ ወታደሮች ናቸው። ሱዋኪን የደረሱት ማርች 29 ነው፣ የለቀቁት ሜይ 17። ከእነዚህ ቀናት ውጭ የሱዋኪን ማኅተም ይዞ የእነሱ ነው የሚባል ደብዳቤ ካቀረቡልዎ ይመልሱት።

ለእኛ ታሪክም ቅርብ ነው። አፄ ዮሐንስ በጁን 1884 አድዋ ላይ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂዌት ጋር የተዋዋሉት በምሥራቅ ሱዳን ተከበው የቀሩት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ነበር። የዚያን ዘመን የሱዋኪንና የምፅዋ ፖስታ የምትሰበስቡ፣ ቀኑን ከዚህ ውል ጋር አስተያዩት።