የትንበያ መጠይቅ፦ ስም ይውጣ? ሽልማትስ ይኑር?

ሚዛን (ጥያቄ)
በየሩብ ዓመቱ 20 ለሚሆኑ የባንክና የምርምር ተቋም ኢኮኖሚስቶች የሚላክ መጠይቅ እየተሰናዳ ነው፤ የዋጋ ንረትንና የጂዲፒ ዕድገትን ይጠይቃል። የታሰበው የእያንዳንዱን ትንበያ ከነስሙ ማውጣትና በዓመቱ መጨረሻ ለውጤቱ በጣም ለቀረበው አንድ ሰው ሽልማት መስጠት ነው። ይህ ሰዎቹን ያተጋል ወይስ ቁጥሩን ያበላሻል?

ቀመር
ለአንድ አሸናፊ ብቻ ከሆነ ያበላሻል። ከ20ዎቹ 15ቱ ትንበያቸውን 3 በመቶ ላይ ኮልኩለዋል፣ ውጤቱም እዚያው የመውደቅ ዕድሉ 60 በመቶ ነው እንበል። ይህ ዕድል ለ15 ሲካፈል የእያንዳንዱ የማሸነፍ ዕድል 4 በመቶ ይሆናል። ብቻውን 2 በመቶ ላይ የቆመው ግን ዕድሉ 10 በመቶ ብቻ ቢሆንም ይበልጣቸዋል። ስለዚህ የሚያምንበትን ትቶ ዳር መያዝ ያዋጣዋል።

ስም ማውጣትም እንዲሁ ነው። የተንባዮች ስም በሚታተምበት በአሜሪካው የትንበያ ማሰባሰቢያ ኅትመት በብሉ ቺፕ፣ ከዝና ብዙ የሚጠቀሙት በግል የሚሠሩ ተንባዮች ከባንኮቹ ይበልጥ ከአማካዩ ይርቁ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ብቻውን መሳሳትን የሚፈራ ተቀጣሪ ደግሞ መንጋው ውስጥ ይሸሸጋል። ሁለቱ ሲደባለቁ በመልሶቹ መካከል ያለው ልዩነት የጥርጣሬ መለኪያ መሆኑ ይቀራል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ከአማካዩ ይልቅ ይሄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 የተጀመረውና ከ1990 ወዲህ የአሜሪካው የፊላዴልፊያ ፌደራል ሪዘርቭ ባንክ የሚያካሂደው የተንባዮች መጠይቅ የግለሰብ መልሶችን የሚያወጣው በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ነው። ሰው መሥሪያ ቤት ሲቀይር ቁጥሩ ከሰውየው ጋር ይሂድ ወይስ ከድርጅቱ ጋር ይቅር? ቀድማችሁ ወስኑ፤ አለዚያ የስህተት ታሪካቸው ይደበላለቃል።

ሩብ ዓመት
ነጥብ መስጠት ካለባችሁ ዕድል እንዲጽፉ ጠይቁና የብራየርን የካሬ ቀመር ተጠቀሙ፤ ቅጣቱ በተጻፈው ዕድልና በውጤቱ (ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0) መካከል ያለው ልዩነት ካሬ ነው። አንድ ሰው በልቡ 70 በመቶ እያመነ 100 ብሎ ቢጽፍ የሚጠበቀው ቅጣት 0.30 ነው፤ 70 ቢል 0.21። ካሬ ሳይደረግ በተራ ልዩነት ሲሰላ ግን እውነቱን የተናገረው 0.42፣ ያጋነነው 0.30 ይቀጣል! ቀመሩ ራሱ ውሸት ያስተምራል ማለት ነው።

መላሹ 100 በመቶ ዕድልን በተለያዩ የውጤት ክልሎች (ሳጥኖች) የሚያከፋፍልበትን የዕድል ሠንጠረዥም ተመልከቱት። እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ላይ በአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ መጠይቅ የዕድገቱ የታችኛው ሳጥን «ከ-1 በመቶ በታች» የሚል ስለነበር ብዙው ዕድል እዚያ ተከመረ፤ -2ን ከ-5 መለየት አልተቻለም። በኋላ ሳጥኖች ወደ ታች ተጨመሩ። ዳር ያለው ሳጥን መሙላት ሲጀምር አስፉት።

ሚዛን
ሽልማት ከሌለ ግን ማን ይመልሳል?

ቀመር
ማጠቃለያውን ከሌላው ሰው ቀድመው ይዩት፤ የራሳቸውን የስህተት መዝገብም ለየብቻ ላኩላቸው። አማካዩን ስታወጡ ባለፈውም በአሁኑም ዙር የመለሱትን ብቻ ለይታችሁም አስሉ፤ አለዚያ ዝቅተኛ ዕድገት የሚተነብዩ ሦስት ሰዎች ሳይመልሱ ስለቀሩ ብቻ ኢኮኖሚው የተሻሻለ ይመስላል።

ሩብ ዓመት
«በዓመቱ መጨረሻ ስንት ይሆናል?» ብቻ አትጠይቁ። በፈረንጆቹ ዓመት በጥር የ12 ወር፣ በመስከረም የ4 ወር ትንበያ ስለሚሆን ስህተቱ በራሱ ይቀንሳል። «ከዛሬ 12 ወር በኋላ» የሚልም ጨምሩ። መጠይቁን የምትልኩትም የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ አዲሱን ቁጥር ባወጣ ማግስት ይሁን፣ የመጨረሻውን አኃዝ ቅጹ ላይ አትሙት፤ ያለበለዚያ አንዱ ከአሮጌ፣ ሌላው ከአዲስ ቁጥር ይነሳል።