«ፍቅር እንጂ ሥርዓት አልተማረም»፦ ድሬዳዋና አንቱታ

የከዚራ ልጅ፦
ትናንት ማታ አንድ ወንድማችን አረጋዊ አባቱን ለጡረታ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ይዞ እንደሄደ፣ መስኮቱ ላይ የነበረው ወጣት ሠራተኛም አባትየውን «አንተ፣ ና ቁጭ በል» እንዳለው ከተረከልን በኋላ፣ «የድሬዳዋ ሰው ፍቅር እንጂ ሥርዓት አልተማረም» ብሎ ጽሑፉን ዘጋው። ይህች ዓረፍተ ነገር ስትከነክነኝ አደረች። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው፤ አባቴን አንተ፣ አያቴን አንቺ፣ በደጃችን የሚያልፈውን ጡረተኛ የባቡር ነጂ ሳይቀር አንተ እያልሁ ነው ያደግሁት፤ ከመካከላቸው ተደፈርሁ ብሎ የከፋው ሰው አላየሁም። ሙቀታችን ቢነሣ፣ ጫታችን ቢነሣ፣ ቀትር ላይ ሱቅ መዝጋታችን ቢነሣ፣ ይሁን ብዬ አልፋለሁ። ሥርዓት አልተማረም መባሉን ግን ማለፍ አልቻልሁም።

ከአዲስ አበባ የተዛወረው፦
ወንድሜ፣ መከፋትዎን እረዳለሁ፤ የጻፍሁትን ግን አላነሣም። አባቴ 74 ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን በመምህርነት የጨረሱ ሰው ናቸው፤ እኔ ልጃቸው እስከ ዛሬ እርስዎ ነው የምላቸው። የልጅ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ወጣት በሰው ፊት አንተ ሲላቸው ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ሰነዳችንን ሳያጉላላ ተቀብሎ ለማክሰኞ ቀጠረን፤ «ፍቅር» ያልሁትም ይህንኑ ነው። ነገር ግን የመንግሥት ሠራተኛ ባለጉዳይን በሰፈሩ ልማድ ሊጠራ አይገባም። እርስዎም ቢሆኑ ከላይ አባቴን «እንዳለው» ብለው ጽፈዋል። ይህን ሳነብ ያንኑ መስኮት ሁለተኛ ጊዜ የቆምሁበት ያህል ተሰማኝ።

መጋላ፦
አንተ ብዬ ነው የምጽፍልህ፤ እርስዎ ብልህ የተቀየምሁህ ይመስላልና። በእኛ ቤት እርስዎ የሚባለው ከተኳረፍነው ሰው ጋር ወይም ለመቅረብ ካልፈለግነው ጋር ስንነጋገር ነው። አሁን «ሥርዓት» ወዳልኸው ልምጣ። አንድ ሽማግሌ ከቀፊራ ገበያ ዘንቢል ይዞ ወደ መጋላ ሲመለስ፣ ዘንቢሉን ሳይቀበለው የሚያልፍ ጎረምሳ ማታ ቤቱ ሲገባ ወሬው ቀድሞት ይጠብቀዋል። ሽማግሌ ቆሞ ወጣት አይቀመጥም። ፉል ቤት የገባ ሰው አጠገቡ ለተቀመጠው፣ ለማያውቀውም ቢሆን፣ «ብላ» ሳይል ዳቦውን አይቆርስም። ሙስሊሙ በክርስቲያኑ ለቅሶ ድንኳን ይተክላል፤ ክርስቲያኑ በሙስሊሙ ጀናዛ ከኋላ አይቀርም። ይህ ሁሉ ያልተጻፈ ሕግ ነው፤ ሁሉም የሚፈጸመው በአንተና በአንቺ ነው። ታዲያ ሥርዓት አልተማረም ያልኸው የትኛውን ሥርዓት ነው?

የጎንደሯ፦
የጠቀስኸው ሁሉ መልካም ነው፤ እኛም አገር ዘንቢል እንቀበላለን፣ ለሽማግሌ እንነሣለን። ነገር ግን ዘንቢል መቀበሉ ቃሉን ለምን ይተካዋል? አማርኛ ትልቅን ከትንሽ የሚለይበት ውብ መንገድ ሰጥቶናል። ሰው በሙያው ሲከበር «አንቱ የተባለ ሐኪም»፣ «አንቱ የተባለ ዳኛ» የምንለው እኮ አንቱ መባል የክብር መጨረሻ ስለሆነ ነው። ይህን ቃል የጣለ ሰው ከቋንቋው ላይ አንድ ክፍል ቆርጦ የጣለ ይመስለኛል፤ ይህንንም የምለው ድሬዳዋን ንቄ ሳይሆን ለቃሉ ስለምሳሳ ነው።

የቋንቋ መምህር፦
ቃሉን ስላነሣችሁት ጥቂት ልጨምር። በግዕዝ ለአንድ ሰው የሚሆን የተለየ የአክብሮት ተውላጠ ስም የለም። «አንቱ» የብዙ ቁጥር ከሆነው «አንትሙ» የመጣ ነው፤ አንዱን ሰው እንደ ብዙ ቆጥሮ ማክበር ማለት ነው። «እርስዎ» ደግሞ «ርእስ» ከሚለው፣ ራስ ማለት ከሆነው ቃል የወጣ ነው። ስለዚህ አንቱታ ከቋንቋው ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም፤ በዘመን ብዛት ያደገ ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ እንደ አገሩ ይለያያል፤ በአንዱ አገር አንቱ፣ በሌላው እርስዎ ይባላል፤ በድሬዳዋ ሁለቱም እምብዛም አይሰሙም። አማርኛ ተናጋሪው ክርስቲያን ሁሉ በየዕለቱ «አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር፣ ስምህ ይቀደስ» ሲል ፈጣሪውን አንተ ብሎ እንደሚጠራ አስቡ። ይህን የሚል ሰው ፈጣሪውን የደፈረ አይመስለውም፤ የቀረበው ይመስለዋል እንጂ።

የጎንደሯ፦
መምህር ሆይ፣ በዚህ አልስማማም። ግዕዙ የአክብሮት ተውላጠ ስም ከሌለው፣ ጸሎቱን ወደ አማርኛ የመለሱት ሰዎች አንተ ማለታቸው የግዕዙን መንገድ ተከትለው ነው፤ የክብር ፍርድ አልሰጡበትም። ደግሞም ፈጣሪ በቃል ማነስ አይጎዳም። ሽማግሌ ግን ይጎዳል።

መጋላ፦
እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በአያቶችሽ ቤት ሚስት ባሏን አንቱ ትለው ነበር፤ ይህን እኔም ከሰሜን ከመጡ ጎረቤቶቼ ሰምቻለሁ። ባልየው መልሶ ምን ይላት ነበር?

የጎንደሯ፦
አንቺ ይላት ነበር፤ አልክድም። አያቴ በዚያ ትከፋ እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፤ አሁን ብጠይቃት እወድ ነበር፤ ግን አርፋለች። ይህ ግን አንቱታ በጎደለበት በኩል እንዲሞላ ያደርገዋል እንጂ ጨርሶ እንዲጣል አያደርገውም። ባልም ሚስቱን አንቱ ይበላት፤ መልሴ ይህ ነው።

የባቡር ሠራተኛው ልጅ፦
ነገሩ ከየት እንደመጣ ሳናውቅ መፍረድ አይገባንም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በፈረንጆች 1902 ደቻቱ ወንዝ ዳር ሲደርስ እዚህ ከተማ አልነበረም። አዲስ አበባ የደረሰው ከ15 ዓመት በኋላ በ1917 ስለሆነ፣ በእነዚያ ዓመታት ሰውም ዕቃም የሚራገፈው እዚህ ነበር። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ የመኑ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ ሁሉም አጠገብ ላጠገብ ሠፈረ። ሶማሊኛ ትልቁንም ትንሹንም «አዲጋ» ይላል፤ ዐረብኛውም እንዲሁ አንተ ነው። አማርኛን በጎልማሳነቱ ገበያ ላይ የተማረ ሰው በመጀመሪያ የሚይዘው አንተንና አንቺን ነው። ከእሱ ጋር የሚነጋገረው አማራም ቀስ በቀስ የእሱን አነጋገር ለመደ። አባቴ በባቡሩ ጥገና ውስጥ ሲሠራ፣ አለቃውንም ብሎን አቀባዩንም አንተ ይል ነበር፤ ሁሉም በቅጽል ስም ይጠራራ ነበር። ከእነሱ የአንዱን የመዝገብ ስም ያወቅነው እሱ ሲሞት፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው። አርባ ዓመት ጎረቤታችን ነበር፤ አንድም ቀን አንቱ አላልነውም፤ የቀብሩ ቀን ግን ከለገሃሬ እስከ ከዚራ ሱቅ የከፈተ አልነበረም።

ሐረሬ፦
የባቡሩን ታሪክ ስትናገር ዋናውን ዘለልኸው። ሐዲዱ የታሰበው ለሐረር ነበር፤ ተራራውን መውጣት ስላልቻለ ነው ሜዳ ላይ የቀረው፤ ከተማችሁም በመጀመሪያ «ሐዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። አንተ ማለቱም፣ «አቦ» ማለቱም፣ «አብሽር» ማለቱም ከእኛ ወርዶ ነው ድሬ የደረሰው። ስለ አንተ ሲመሰገን ሐረር ለምን እንደማትጠቀስ አይገባኝም።

የከዚራ ልጅ፦
ስሙን አልክድም፤ ነገር ግን ሐዲስ ሐረር የሚለውን ስም ሕዝቡ ራሱ ነው የተወው። ባሕሉ የጋራ ነው፤ «አቦ» የሐረርም የድሬም ነው። በእኛ ግን አንድ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ በሶማሊኛ «ወሪያ» ብሎ ጠርቶ፣ በኦሮምኛ ጠይቆ፣ በአማርኛ ተስማምቶ፣ ክርስቲያን ሆኖ ሳለ «ወላሂ» ብሎ ይምላል። ይህ በባቡሩ የመጣ የድሬ የራሷ ሀብት ነው።

ሐረሬ፦
ጀጎል ውስጥ ይህ ባቡር ሳይታሰብ ጀምሮ ነበረ። ይሁን፤ ሌላ ቀን እንመለስበታለን።

ከሳቢያን፦
እኔም የድሬ ልጅ ነኝ፤ ሆኖም የከተማዬ ሰዎች በዚህ ክርክር ውስጥ ያልተናገራችሁት ነገር ስላለ ዝም ማለት አልቻልሁም። «የፍቅር ከተማ» የሚለውን ስም እወደዋለሁ፤ ግን ብዙ ነገር ሸፍነንበታል። በ2011 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ድንጋይ ሲወራወሩ የነበሩት ወጣቶች እኮ እርስ በርሳቸው አንተ የሚባባሉ ነበሩ። የከተማዋ ሥልጣን ለኦሮሞ 40፣ ለሶማሌ 40፣ ለሌሎች 20 በመቶ ተብሎ በብሔር ሲከፈል፣ አያቶቹ ከሦስት ወገን የሆኑ ልጅ ራሱን በየትኛው መቶኛ እንደሚቆጥር ግራ የገባውም እዚሁ አንተ በምንባባልበት ከተማ ነው። ስለዚህ አንተ ማለት እኩልነትን ያመጣል አትበሉኝ። ሁለተኛው ነገር የእኔ የሴቷ ነው። አንተና አንቺ እኩል አይደሉም። መስኮት ላይ ያለ ወንድ «አንቺ» ሲለኝ፣ ድምፁ የእናቴ ቤት «አንቺ» ነው ወይስ የትእዛዝ፣ መለየት የሚገባኝ እኔ ነኝ፤ ሁልጊዜም ደስ አይልም። ልማዳችንን እወዳለሁ፤ ግን ማን ለማን እንደሚለው ሳይመረመር ይመስገን ስትሉ የእኔ ነገር ይረሳል።

መጋላ፦
የአንቺ ነገር ከባድ ነው፤ ለመመለስ አልቸኩልም። የ2011ዱን ስትጠቅሺ ግን እኔም ሌላ ዓመት ልጥቀስ። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ማብቂያ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ የእናቴ ቤት ወንዙ ዳር ነበር። ውኃው ደረቷ ሲደርስ አንድ የማናውቀው ወጣት በጣሪያው በኩል ገብቶ «አንቺ፣ አንገቴን ያዢ፣ እንዳትለቂ» ብሎ አዝሎ አወጣት። እናቴ ያን ጊዜ 60 አልፏታል። እስከ ዛሬ ያን ድምፅ ስታስታውስ የምትደግመው ቃሉን እንዳለ ነው፤ ልጄ ነበር የመሰለኝ ትላለች። አንተ ከአዲስ አበባ የመጣኸው ወንድሜ፣ ይህን ልጅ ሥርዓት አልተማረም ትለዋለህ?

ከአዲስ አበባ የተዛወረው፦
አልለውም። እናትዎ እንኳን ተረፉ። ግን ያ ጎርፍ ነው፤ እኔ የምናገረው ስለ መስኮት ነው። ጎርፍ ውስጥ እኔም አንቺ እላለሁ። መስኮት ላይ የቆመ ሰው ግን ጊዜ አለው፤ አንድ ቃል መምረጥ ይችላል።

የቋንቋ መምህር፦
በዚህ ላይ ከእሱ ጋር ነኝ። በሰፈር አንተ፣ በመሥሪያ ቤት እርስዎ ቢባል ከተማዋ ምንም አታጣም። ዘመናዊ አገልግሎት ከሰፈር ልማድ መለየት አለበት።

የከዚራ ልጅ፦
ታጣለች መምህር። አንድ የገንደ ቆሬ እናት መስኮቱ ላይ ያለውን ልጅ የምታውቀው ከሕፃንነቱ ነው። ዛሬ ወንበር ስለያዘ እርስዎ ሲላት፣ ራቀኝ ነው የምትለው። ከዚያም ጉዳይዋን ለማስፈጸም የሚያውቅላትን ሰው መፈለግ ትጀምራለች። አንተ ያልኸው ዘመናዊነት ለእሷ በሩን መዝጊያ ነው።

መጋላ፦
ሁላችንም «አንተ» የሚለውን ይዘን ስንከራከር ከዓረፍተ ነገሩ የቀረውን ረሳነው። ልጁ «አንተ፣ ና ቁጭ በል» ነው ያለው። መስኮቱ ፊት ለፊት ወንበር እንደሌለ፣ ሰዉ ቆሞ እንደሚሰለፍ ሁላችንም እናውቃለን። ወንድሜ፣ አባትህ የት ነው የተቀመጠው?

ከአዲስ አበባ የተዛወረው፦
በውስጥ በኩል ነው የተቀመጡት። ልጁ በጎን ያለውን በር ከፍቶ፣ በራሱ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፤ እሱ ቆሞ ጻፈ። ይህን ትናንት አልጻፍሁትም፤ መጻፍ ነበረብኝ።

የከዚራ ልጅ፦
ታዲያ ይህ ሥርዓት ካልሆነ ምንድን ነው?

የጎንደሯ፦
ወንበሩን መስጠቱን ሳነብ ደስ ብሎኛል፤ የልጁን እናት አመስግኑልኝ። ግን ወንበሩንም ቃሉንም ቢሰጣቸው ምን ይጎድልበት ነበር?

መጋላ፦
እርስዎ ብሎ ቢጠራው ኖሮ በሩን ከፍቶ ወደ ውስጥ ባላስገባው ነበር። እርስዎ የሚባል ሰው በመስኮት ነው የሚስተናገደው።

የጎንደሯ፦
በእኛ አገር እርስዎ የሚባል ሰው ነው ወደ ውስጥ የሚገባው።

ከሳቢያን፦
እኔ በዚያው መስኮት ሦስት ጊዜ ተሰልፌ አውቃለሁ። አንቺ ተብያለሁ፤ በሩ ግን አልተከፈተልኝም።

ከአዲስ አበባ የተዛወረው፦
ይህ የእህታችን ነገር ከእኔ አቤቱታ ይበልጣል፤ መልስ ያለው ሰው እስካሁን አላየሁም። እኔ በበኩሌ በአቋሜ ነኝ፤ አባቴ እርስዎ ሊባሉ ይገባ ነበር። ማክሰኞ ወረቀቱን ለመውሰድ እንመለሳለን ብዬ ነበር፤ አባቴ ግን ዛሬ ጠዋት፣ አንተ ሥራ አለህ፣ መንገዱን አውቄዋለሁ፣ በባጃጅ ብቻዬን ሄጄ እመጣለሁ ብለውኛል።