ጥቆማ፦ ለሁለት ዓመት ልጅ የረጅም በረራ ታብሌት

የናኦል እናት (አያት ሰፈር)፦
ሰላም ጎረቤቶች። በሚቀጥለው ወር እኔና ናኦል ብቻችንን ወደ ዋሽንግተን እንሄዳለን፣ አባቱ እዚያ ነው። ልጁ 2 ዓመት ከ4 ወሩ ነው። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ከአያት መገናኛ እስክንደርስ እንኳ ጭኔ ላይ አርፎ አይቀመጥም። ታብሌት ልግዛለት ብዬ ሱቅ ለሱቅ ስዞር አንዱ "የልጆች" የሚባለውን ባለ ላስቲክ፣ አንዱ ሳምሰንግ፣ አንዱ ያገለገለ አይፓድ እያለ ግራ አጋቡኝ። የሞከራችሁ ንገሩኝ። በጀቴ ጠባብ ነው። 2 ዓመት ስላለፈው የራሱ ወንበር ተገዝቶለታል፣ ትኬቱ አራቁቶኛል።

የሶልያና እናት (ለገጣፎ)፦
እህቴ፣ ያንኑ በረራ ሶልያናን ይዤ ሄጄበታለሁ። ሱቅ ከመውረድሽ በፊት ሰዓቱን ላስላልሽ። ከቦሌ ማታ ተነስቶ ሲነጋ ዱለስ፣ የዋሽንግተኑ ኤርፖርት፣ ያርፋል፣ ሲደመር 16፣ 17 ሰዓት ነው። ልጅ ግን የዚህን ግማሽ ይተኛል። ከቀረው ላይ ምግብ አለ፣ ሽንት ቤት አለ፣ መተላለፊያው ላይ መመላለስ አለ፣ ከኋላ ከተቀመጡት ሰዎች ጋር ኩኩሉ አለ። ታብሌቱ ሠራ ብል አራት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ስለዚህ "ባትሪው 20 ሰዓት ይቆያል" እያሉ ዋጋ ሲጨምሩብሽ አትስሚ።

የሚከብደው ሰዓት ሌላ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፣ አየሩ ስስ ነው። አውሮፕላኑ ሰውና ሻንጣ ሞልቶ በዚያ ላይ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሳት ስለሚከብደው ስትሄጂ መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል። ስትመለሺ ቀጥታ ነው። እኛ ያረፍነው ደብሊን ነበር። አውሮፕላኑ ቆሟል፣ መብራት በርቷል፣ ልጅቷ ነቅታለች፣ "እንውረድ" ትላለች፣ መውረድ የለም። በጣም የምትወደውን ቪዲዮ ለዚያች ሰዓት ደብቄ አቆይቼ ነበር፣ እሱ አወጣኝ።

ወደ ዕቃው ስመጣ፣ መጀመሪያ የገዛሁት ያንኑ ባለ ላስቲኩን ነው። ካርቶኑ ላይ ጥንቸል አለበት፣ ከውስጡ ግላስ፣ ኤርፎንና ብዕር ሳይቀር ይወጣል፣ ዋጋውም ደስ ይላል። ቤት ሳምንት ሞከርኩት። ስክሪኑ ቀጥ ብለሽ ካላየሽው ይጠቁራል። ልጅ ደግሞ መቼ ቀጥ ብሎ ያያል? ተጋድሞ፣ ተገልብጦ ነው። ሲነካ ቶሎ አይታዘዝም፣ እሷም በመዳፏ ትጠፈጥፈዋለች። በመጨረሻ ለጎረቤት ልጅ ሰጠሁት፣ እሱም ባቡር ብሎ ይገፋዋል።

ከዚያ ሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤ9 ያዝኩ። 8.7 ኢንች ነው፣ 332 ግራም ይመዝናል፣ ልጅ በራሱ እጅ ይይዘዋል። ፊቱ ላይ ቢጥለውም (ይጥለዋል) ለቅሶው አጭር ነው። የአውሮፕላኗ ጠረጴዛ ላይ ከምግቡ ጎን ቦታ ይተርፈዋል። ፕላስ የሚባለው 11 ኢንች ነው። ለእኔ ቢጤ ጥሩ ነው፣ ለናኦል ግን ትሪ ነው። ሌኖቮ ኤም9ም ከዚሁ ብዙ አይርቅም፣ 9 ኢንች ነው፣ ርካሽ ካገኘሽ እሱን ውሰጂ። ሁለቱም የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያ አላቸው፣ ሁለቱም የኤርፎን ጃክ አላቸው። እኔ የምፈልገው እነዚህን ሁለት ቀዳዳዎች ነው።

የሐና አባት (ጀሞ)፦
ያገለገለ አይፓድን ለምን ዘለላችሁት? የ2021 (እ.ኤ.አ.) አይፓድ፣ ዘጠነኛው ትውልድ፣ አሁንም ምንም አልሆነም። ጠንካራ ነው፣ ብትሸጪውም ዋጋውን ይይዛል። "ጋይድድ አክሰስ" የሚባለውን ስታበሪ ልጁ የፈለገውን ቢነካ ከከፈትሽለት ነገር አይወጣም። ሐና በፊት በእናቷ ስልክ ለመሥሪያ ቤት አለቃ ደውላ ታውቃለች።

የሶልያና እናት፦
ወንድሜ፣ መጥፎ ነው አላልኩም። ሜሞሪ ካርድ አይቀበልም፣ ችግሩ እሱ ነው። መብራት በሚጠፋበት፣ ዋይፋይ በሚቆራረጥበት ሰፈር 20 ጊጋ ቪዲዮ ማውረድ የሚቻለው በስንት ሌሊት ነው? ካርድ ከሆነ በኮምፒውተር ገልብጠሽ ትሰኪዋለሽ፣ አለቀ። ደግሞ አሥረኛው ትውልድ የኤርፎን ጃክ የለውም፣ ዘጠነኛውን ነው ያልከው እንጂ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ልጁን መቆለፉ አንድሮይድም ላይ አለ። ሴቲንግ ውስጥ ሴኩሪቲ ግቢ፣ "አፕ ፒኒንግ" የሚለውን አብሪው።

ጠጋኙ (ቱሉ ዲምቱ)፦
ስለ "የልጆች" ታብሌቶች እኔም ልጨምር፣ በሳምንት ሦስት አራቱ ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣሉ። ካርቶኑ 512 ጊጋ ይላል፣ ሴቲንጉም 512 ይላል፣ ውስጡ ግን 32 ሊሆን ይችላል፣ የተጻፈው ቁጥር ተቀይሮ ነው። ሁሉም እንዲህ ናቸው አልልም፣ ግን ሳትሞክሪ ብር አትቁጠሪ። ከ40 ጊጋ በላይ ፋይል በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ፣ አስገልብጪና መጨረሻ የገባውን ፊልም ክፈቺ። ማስቀመጫው ሐሰት ከሆነ ወይ ፋይሉ አይከፈትም ወይ ግልበጣው መሃል ላይ ይቆማል። ሜሞሪ ካርድ ስትገዢም ያው ነው። ሻጩ "ጊዜ የለኝም" ካለሽ ሌላ ሱቅ ሂጂ፣ መገናኛ ዘፍመሽ ውስጥና ዙሪያው የሞባይል ሱቅ ሞልቷል።

ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ቻርጅ ስታደርጊው ጀርባውን ዳብሺው። ስክሪኑ በአንድ ጎን ከፍ ብሎ ከታየሽ ባትሪው አብጧል ማለት ነው፣ እንኳን አውሮፕላን ውስጥ ቤትም አታስገቢው። አይፓድ ከሆነ የቀድሞ ባለቤቱ ከአካውንቱ ፊትሽ ይውጣ፣ ያለዚያ የገዛሽው መስታወት ነው። ዋጋ እዚህ አልጽፍም። የብሩ ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያስወቅሰኛል። ሦስት ሱቅ ጠይቂና መሃለኛውን ተከራከሪ።

ሰሚት ፍየል ቤት፦
አባቱ አሜሪካ ካለ የአማዞን ፋየር ታብሌት ይላክላችኋ! የልጆቹ ቢሰበር ሁለት ዓመት ድረስ ይቀይሩልሻል።

የሐና አባት፦
የሚቀይሩት እዚያ ነው፣ ሰሚት አይደለም። ጉግል ፕሌይም የለውም። እዚያው ለሚኖር ልጅ ጥሩ ነው፣ ለመሄጃው ግን አይደርስም።

እትዬ አልማዝ (ቡራዩ)፦
ልጆቼ፣ እኔ የልጅ ልጆቼን ይዤ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። አሮጌ ስልክ በቂ ነው፣ ሲሙን አውጥቶ ካርቱን መጫን። እሱም ሰለቻቸው። ያዋጣኝ የወረቀት ፕላስተር ነው፣ ያ ግድግዳ ሲቀባ የሚለጠፈው። ቀዳድጄ ጠረጴዛው ላይ እለጥፋለሁ፣ እነሱ ይልጣሉ፣ እንደገና እለጥፋለሁ። ሳይነጋ ጥቅልሉ አለቀ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ግን እንዳትሰጪው፣ በዚያ ዕድሜ ያንቃል።

የሶልያና እናት፦
እትዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ ፕላስተሩን ወስጄዋለሁ። ለሚቀጥለው በረራችን እሞክረዋለሁ።

ነርሷ (ለቡ)፦
ሁለት ነገር ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ ስክሪን በቀን ከ1 ሰዓት ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። የበረራ ቀን ሌላ ነው፣ ማንም አይፈርድብሽም። ከወር በፊት ጀምረሽ "ይልመድ" ብለሽ በየቀኑ አራት ሰዓት ካስያዝሽው ግን አውሮፕላን ላይ ሲደርስ ይሰለቸዋል፣ ለጤናውም ለአንቺም ኪሳራ ነው። ሁለተኛው ኤርፎኑ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ተዪና ጆሮ ላይ የሚደፋውን፣ ድምፁ ከ85 ዴሲቤል እንዳያልፍ የተገደበውን የልጆች ሄድፎን ግዢ። የሞተሩ ጩኸት ስላለ ሰው ሳያውቀው ድምፅ ይጨምራል። አሁኑኑ ቤት ውስጥ አልምጂው፣ በዚህ ዕድሜ ጭንቅላታቸው ላይ ነገር ሲደረግ ወርውረው ነው የሚጥሉት። ሲነሳና ሲያርፍ ደግሞ ታብሌቱ ይቅር፣ ጡጦ ወይም የሚጠባ ነገር ስጪው፣ መዋጡ ጆሮውን ይከፍትለታል።

የናኦል እናት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ! ፓወር ባንክስ ልያዝ? ወንድሜ 20 ሺህ ሚሊአምፕ ሰዓት (mAh) የሚለውን ሰጥቶኛል። ቪዲዮውንስ በምን ልክፈተው?

ጠጋኙ፦
20 ሺሁ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ዋት ሰዓት ነው፣ የተለመደው ገደብ 100 ስለሆነ ያልፋል። የእጅ ቦርሳ ውስጥ አድርጊው፣ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክልክል ነው። ቁጥሩ ላዩ ላይ በግልጽ የተጻፈ ይሁን፣ የተፋቀ ከሆነ ፍተሻ ላይ ሊወስዱብሽ ይችላሉ። በዱባይ በኩል የምትሄዱ ደግሞ ልብ በሉ፣ ኤምሬትስ ከመስከረም 21 ቀን 2018 ጀምሮ መያዙን ፈቅዶ አውሮፕላን ውስጥ መጠቀሙን ከልክሏል።

የሶልያና እናት፦
ቪዲዮውን በቪኤልሲ ክፈቺው፣ ነፃ ነው፣ ካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ ያጫውታል። በ480 ጥራት አንድ ሰዓት ካርቱን ከግማሽ ጊጋ ብዙ አይርቅም፣ 64 ጊጋ ካርድ ይተርፍሻል። ኔትፍሊክስ ላይ የምታወርጂው የራሱ ማብቂያ ቀን ስላለው ማውረዱን ለመጨረሻው ሳምንት አድርጊው።

ሳትሄጂ ሦስት ቀን ሲቀርሽ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊና አንድ በአንድ ክፈቺ። እኔ 30 ቪዲዮ ወርዷል ብዬ ተኝቼ ነበር። ስሞክረው የተከፈተው 11 ነው፣ ሌላው ለካ በዋይፋይ ነበር የሚታየው። ይህን ደብሊን ላይ ባውቀው ኖሮ እኔም አለቅስ ነበር።

ደግሞ የራሳችሁን ቪዲዮ ጫኚበት። ሶልያና ደጋግማ ያየችው ከካርቱኑ ይልቅ አያቷ ለዶሮዎች ጥሬ ስትበትን በስልኬ የቀረጽኩትን ሁለት ደቂቃ ነው። ከጎናችን የተቀመጡት ሰውዬ "ያችን ቀዩን አሳዪኝ" እስኪሉ ድረስ።

የናኦል እናት፦
እንግዲያው ኤ9 ወይም ኤም9፣ የተሻለ ዋጋ ያገኘሁትን፣ 64 ጊጋ ካርድ፣ ሄድፎን፣ ፕላስተር። ቅዳሜ በጠዋት መገናኛ እወርዳለሁ። ባለ ላስቲክ ከቨሩን ለብቻው የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ናኦል ወርዋሪ ነው።

ጠጋኙ፦
ከቨሩን ከታብሌቱ ጋር እዚያው ግዢው፣ በልኩ መሆኑን አይተሽ። ሜሞሪ ማስገቢያውንና የጃኩን ቀዳዳ የሚሸፍን ከቨር አለ፣ እሱን እንዳይሰጡሽ።