"ከመንገድ ይሻላል" ካላችሁማ ምን የማይሻል አለ?

የለጋሲዮን ልጅ፦ ትናንት ስለ አእምሮ ሕሙማን ማቆያ ቤቶች ስጽፍ አንዱ መጥቶ "ከመንገድ ይሻላል" ብሎ ዘጋኝ። 43 ሰው ላይክ አድርጎለታል። ሌሊቱን ስበሳጭ አደርኩ። ወንድሜ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ 6 ወር ነበር። የቤቱን ስም አልጠራም፣ ከተማ ዳር ያለ ግቢ ነው፣ ቲቪ ላይ የሚታይ አይደለም። አንድ ክፍል ውስጥ 18 ሰው ይተኛል። ፍራሹ መሬት ላይ ነው። ማታ ከውጭ ይቆለፋል፣ ቁልፉ ዘበኛው ኪስ ውስጥ ነው፣ ዘበኛው ደግሞ ከተኛ ተኛ ነው። እሳት ቢነሳስ? ብዬ ጠየቅኩ። "እግዚአብሔር ይጠብቃል" አሉኝ። እሱስ ይጠብቃል። ቁልፉ ግን ዘበኛው ጋ ነው።

የአብነቱ፦ ያልኩት እኔ ነኝ ልጄ። ዛሬም እላለሁ፣ ከመንገድ ይሻላል። ሐምሌ ላይ በሌሊት በለገሃር አልፈሽ ታውቂያለሽ? እግሩ ቆስሎ፣ ላስቲክ ተከናንቦ፣ ዝናብ ሲወርድበት የሚያድር ሰው አይተሻል? እሱን አንስተው፣ አጥበው፣ ፀጉሩን ላጭተው ትኩስ ሽሮ ያበሉትን ነው የምትወቅሺው። መቄዶንያን እዪ። ከ2002 ጀምሮ ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈውን እየሰበሰበ ነው። "ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው" ይላሉ። ለእኔም በቂ ነው።

የለጋሲዮን ልጅ፦ መቄዶንያን ማን አነሳ? የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ስለ አንድ ጓሮ ቤት ባወራሁ ቁጥር መቄዶንያን አምጥተው ፊቴ ይገትሩታል። መሥራቹን ቢኒያም በለጠን ማንም አልነካም። በእሱ ጥላ ስር የሚደበቀውን ነው የምለው። ደግሞም ወንድሜ ከመንገድ አልተነሳም። ከቤት ነው የሄደ።

ሲስተር፦ "በቂ ነው" የምትለዋ ላይ ልግባ። 11 ዓመት የሠራሁ የሳይካትሪ ነርስ ነኝ። ለማንሳት በቂ ነው። ለማጠብ፣ ለማጉረስም በቂ ነው። ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ለመስጠት ግን በቂ አይደለም። አንድ ግቢ በነጻ ልንመረምር ሄደን አንድ ልጅ አንገቱ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ አፉን መዝጋት አቅቶት አገኘነው። "ተነሳበት" ብለው እግሩን አስረውታል። ምንም አልተነሳበትም! እንዲህ ያደረገው መድኃኒቱ ነው። መርፌ ወጋነው፣ ትንሽ ቆይቶ ተነስቶ ሻይ ጠጣ። እዚያው ግቢ ክሎርፕሮማዚን የሚባል የሚያስተኛ መድኃኒት ማታ ማታ ለሁሉም ይታደላል። በካርድ እንዳይመስላችሁ፣ በሰልፍ ነው። ለምን ስል "ግቢው ፀጥ እንዲል"። ከሰልፉ ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ መድኃኒቱ የሚያብስበት አለ። በመድኃኒቱ የደም ግፊቱ ወርዶ፣ ሌሊት ለሽንት ሲነሳ ወድቆ የሚሰበር ሽማግሌ አለ። እናንተ ጠዋት ሙዝ ይዛችሁ ትሄዱና ፀጥታውን አይታችሁ "እንዴት ሰላም ነው" ትላላችሁ።

የአብነቱ፦ ሲስተር አከብርሻለሁ። ግን አንቺ ደሞዝ አለሽ። እነሱ ነርስ የሚቀጥሩበት ብር የላቸውም። በነጻ ልሥራ ብሎ የሚሰለፍ ስንት ነርስ አየሽ?

ሲስተር፦ በነጻ ሄድን አልኩዎት እኮ ጋሼ። ሁለተኛ ስንሄድ በር አልከፈቱልንም።

ዲያቆኑ፦ "ተነሳበት" ብላ የጀመረችው አሁን ወደ ጸበል ልትመጣ ነው፣ አውቃታለሁ። ሰንሰለት ሲባል ሁላችሁም ጣታችሁን ወደ እንጦጦ ጸበል ነው የምትቀስሩት። ሰንሰለቱን ገዝቶ፣ አስሮ የሚያመጣው ቤተሰቡ ነው። ቤተ ክርስቲያን መድኃኒት ጣሉ ብላ አታውቅም። በኤችአይቪ ጊዜ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም ውሰዱ አላሉም? 1999 ነው፣ አትርሱ።

ሲስተር፦ ጸበል የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ከፍ ብለህ አንብብ።

ዲያቆኑ፦ "ተነሳበት" ማለት ምን ማለት ነው ታዲያ? ወባ ነው የተነሳበት?

ጆበርግ፦ ከ"ተነሳበት" ወደ ቁምነገሩ እንመለስ። እኔ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ አለኝ፣ ይሄ ነገር እዚህ ሲፈነዳ ሬዲዮው ሌላ ወሬ አልነበረውም። የጋውቴንግ ክልል ጤና ቢሮ ወጪ ልቀንስ ብሎ በ2015 እና በ2016 እንደ ፈረንጆቹ ከ1,700 በላይ የአእምሮ ሕሙማንን ላይፍ ኤሲዲሜኒ ከሚባለው ማዕከል አወጣ። ብዙዎቹን ለበጎ አድራጎት ቤቶች በተናቸው። 144 ሰው ሞተ። በረሃብ፣ በውሃ ጥም፣ በብርድ የሞተ አለ። ሲጣራ 27ቱም ቤቶች የያዙት ፈቃድ የማይጸና ሆነ። በኋላ ዳኛ ሞሴኔኬ ለከሳሽ ቤተሰቦች ለእያንዳንዳቸው 1.2 ሚሊዮን ራንድ ገደማ ካሳ ፈረደ። እና ጋሼ፣ እነዚያም ቤቶች "ሰው መሆን በቂ ነው" ብለው ነው የተቀበሉት።

የአብነቱ፦ እዚያ ከሆስፒታል አውጥተው ወደ ባሰ ወሰዱ። እዚህ ከመንገድ አንስተው ወደ ተሻለ ይወስዳሉ። ምን አገናኘው? አንተ ደግሞ ራንድ ስትቆጥር አገሩ ተምታታብህ።

ጆበርግ፦ የሚያገናኘውማ በሩ ነው። ማን ገብቶ አየ? እዚያም ሬሳ እስኪወጣ ማንም አላየም። ራንዱን ተወው፣ ለእናትህም አልበቃም።

አወያይ፦ ስድብ የለም። ሁለታችሁም።

ኦዲተሩ፦ ስለ ፈቃድ ካነሳችሁ፣ እዚህም እኮ ወረቀት አለ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 እንዲህ ያለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት ይመዘግባል፣ በየዓመቱ የሥራና የሂሳብ ሪፖርት ይጠይቃል። ሂሳብ ልታይ ትሄዳለህ፣ ደረሰኙ አንድ በአንድ ተሰክቷል። አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው ያድራል የሚል ደረሰኝ ግን የለም። አዋጅ 676/2002 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች የመብት ስምምነት ያጸደቅንበት ነው፣ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውንም ይጨምራል። የስምምነቱ አንቀጽ 16 ላይ እንዲህ ያሉ ተቋማትን ገለልተኛ አካል ይቆጣጠራቸው ይላል። ፈርመናል።

የለጋሲዮን ልጅ፦ ለወንድሜ ነገር ቢሮ ለቢሮ ዞሬያለሁ። አንዱ "ሕሙማን ከሆኑ የጤና ጉዳይ ነው" አለኝ። ጤናው "ሆስፒታል ስላልሆነ የማኅበራዊ ጉዳይ ነው" አለኝ። ሦስተኛው "ማመልከቻ አስገቢ" አለኝ። አስገባሁ። እስካሁን ገብቶ ነው ያለው።

የአብነቱ፦ እሺ ይቆጣጠሩ። ገቡ፣ አዩ፣ አሸጉ። 18ቱ የት ይደሩ? አማኑኤል ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ያለ የአእምሮ ሆስፒታል ነው፣ ስንት ዘመን ለመላው አገር ብቻውን ሠራ። ጌፈርሳ ማገገሚያውም ሞልቷል። መልሺልኝ፣ የት? ሌላም ልጠይቅሽ፣ አትቀየሚ። ወንድምሽን ለምን ቤትሽ አላቆየሽውም?

የለጋሲዮን ልጅ፦ አልቀየምም። 9 ዓመት አቆይቼዋለሁ። እናቴን በዱላ የመታት ቀን ነው የወጣው። ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች አሉኝ። በወር ይህን ያህል ክፈይ ተባልኩ፣ ከፈልኩ። እርስዎ የሚያወሩት ስለ ነጻ ሽሮ ነው፣ እኔ ከፍዬ ነው ያስቆለፍኩበት። ወንድሜን ልጠይቀው ስሄድ ዝም ይላል። ስድስት ወር ሙሉ ያለኝ አንድ ነገር ነው፣ "ሽንት ቤቱ ሩቅ ነው"። ማታ ስለሚቆለፍ ባልዲ እንደሚያስቀምጡላቸው በኋላ ነው የገባኝ። 18 ሰው፣ አንድ ባልዲ።

ቨርጂኒያ፦ እኔ ከዚህ በየወሩ እልካለሁ፣ ግን ለማን እንደምልክ የማየው በቪዲዮ ነው። መጀመሪያ ፀጉሩ ተንጨባርሮ፣ ቀጥሎ ተላጭቶ፣ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ከጀርባው መዝሙር። አለቅሳለሁ፣ እልካለሁ። ሰውዬው ፊቴን ቅረጹኝ ብሎ ይሆን? እላለሁ አንዳንዴ።

የአብነቱ፦ ካልቀረጹ ትልኪ ነበር?

ቨርጂኒያ፦ አላውቅም። እውነቱን ስናገር አልልክም ነበር ይሆናል።

የአብነቱ፦ በቃ። እሱን ነው የምለው።

ሲስተር፦ ሁላችሁም የረሳችሁትን ላንሳ። የሴቶቹን ክፍል ማታ ማን ይጠብቃል? እኛ የሄድንበት ወንድ ዘበኛ ነበር፣ ብቻውን። ሴት ሠራተኛ 11 ሰዓት ላይ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ሲነጋ አንዷ "ሰው መጣብኝ" ብትል "ሕመሟ ነው የሚያናግራት" ይባላል። ከመንገድ ይሻላል ስትሉ ይሄንንም ጨምራችሁ ነው?

የአብነቱ፦ አንቺ ያየሽውን አንድ ቤት ይዘሽ ሁሉንም አታጥፊ። እኔ በየወሩ ጤፍ የማደርስበት ግቢ አለ፣ ንጹሕ ነው።

የለጋሲዮን ልጅ፦ መኝታ ቤቱ ገብተዋል?

የአብነቱ፦ ቢሮው ድረስ። ቡና ያፈላሉ።

የለጋሲዮን ልጅ፦ መኝታ ቤቱን ነው የጠየቅኩት።

የአብነቱ፦ የሰው መኝታ ምን ላደርግ ነው የማየው? ነውር አይደል?

ጆበርግ፦ 😂

ዲያቆኑ፦ "ተነሳበት" ላይ እስካሁን መልስ አላገኘሁም።

የለጋሲዮን ልጅ፦ ጋሼ፣ ቅዳሜ ጤፉን ሲያደርሱ አብሬዎት ልሂድ። ጆንያውን እይዛለሁ።

የአብነቱ፦ ቅዳሜ ሰርግ አለብኝ።

የለጋሲዮን ልጅ፦ የሚቀጥለውስ?

ኦዲተሩ፦ ላይኩ 43 ሳይሆን 51 ነው፣ አሁን ገብቼ ቆጠርኩት።

ኢትዮ 21፦ ሲስተር፣ ዓይን ወደ ላይ መሰቀል ያልሽው የእናቴን ይመስላል። ከማክሰኞ ጀምሮ ነው። ኢንቦክስ ላናግርሽ?

ሲስተር፦ አሁኑኑ ጻፊልኝ። የምትወስደውን መድኃኒት ፎቶ አንስተሽ ላኪ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ደግሞ ወደ ሆስፒታል ውሰጃት።