አሮጌ ዴስክቶፕ ለፎቶ ኤዲቲንግ፦ ፕሮሰሰሩን ልቀይር ወይስ ሌላ ልግዛ?

ኮምቦልቻዋ (ጠያቂ) — ኅዳር 3 ቀን 2018

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ ሠርግና ምርቃት የማነሳ ፎቶ አንሺ ነኝ። የምሠራበት ዴስክቶፕ ስላሽ (ያገለገለ) የገዛሁት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው፣ ቁመቱ ረዥም የሆነው። ውስጡ ኮር አይ 3-3220 ፕሮሰሰር፣ አንድ ባለ 4 ጊጋ ራም እና 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ አለው። ዊንዶውስ 10 ነው የተጫነበት። ካሜራዬ ኒኮን ዲ750 ስለሆነ አንዱ ራው (ካሜራው የሚያወጣው ጥሬ) ፋይል ወደ 30 ሜጋባይት ይጠጋል፤ አንድ ሠርግ ደግሞ ከ1000 ፎቶ አያንስም።

ያስቸገረኝ ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው። ከአንዱ ፎቶ ወደ ቀጣዩ ስሄድ ምስሉ እስኪጠራ እጄን አጣጥፌ እጠብቃለሁ። የሙሽራዋን ፊት ላስተካክል ብሩሹን ሳንቀሳቅስ መስመሩ ከእጄ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ትናንት ሰዓት ይዤ 100 ፎቶ ወደ ጄፔግ ኤክስፖርት ሳደርግ 14 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ፈጀ።

አንድ ሱቅ «አይ 7-4770 አለኝ፣ ያንቺ ማሽን ላይ ይገጥማል» አለኝ። ሌላ ሰው ደግሞ ማሽኑን ሸጠሽ ተገላገይው ይለኛል። የጥር ሠርግ ሳይገባ መወሰን አለብኝ፣ አዲስ ለመግዛት ግን አቅሙ የለኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጥገና ቤት — ኅዳር 3

እህቴ፣ ያንን 4770 እንዳትገዢ። ቺፑ በራሱ መጥፎ አይደለም፣ ግን ያንቺ ቦርድ ላይ አይገባም። ያንቺ ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ) 1155 ይባላል፣ የእሱ 1150 ነው። ጠርዛቸው ላይ ያሉት ትንንሽ ጎድጓዶች ቦታቸው ስለሚለያይ በትክክል አይቀመጥም። በግድ እናስገባው ከተባለ ሶኬቱ ውስጥ ያሉት ፀጉር የሚያህሉ ፒኖች ይታጠፋሉ፤ ያኔ ያለቀለት ማዘርቦርዱ ነው። በዚህ ምክንያት የሞተ ቦርድ በእጄ ብዙ አልፏል።

አይ 7 የሚለውን ስም ተዪና ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዪ። በ2 ሺህ ወይም በ3 ሺህ ከጀመረ ብዙውን ጊዜ ያንቺ ቦርድ ይቀበለዋል። በ4 ሺህ ከጀመረ አይሆንም።

አንቺን የሚጠቅምሽ አይ 7-3770 ነው። ያንቺ 3220 ሁለት ኮር (የሥራ ክፍል) እና አራት ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሥራ) ይዞ በ3.3 ጊጋኸርዝ ነው የሚሄደው፣ ከዚያ በላይ አይነሳም። 3770 አራት ኮርና ስምንት ትሬድ አለው፣ ሥራ ሲበዛበት እስከ 3.9 ይወጣል፣ ካሽ የሚባለው የውስጥ ማስታወሻውም ከ3 ሜጋባይት ወደ 8 ያድጋል። የመብራት ፍጆታው በወረቀት 77 ዋት ነው፣ ያንቺ 55። የ22 ዋት ልዩነት ስለሆነ በማሽኑ 275 ዋት ፓወር ሰፕላይ ያለ ችግር ይሠራል። ባዮስም (ማሽኑን የሚያስነሳውን የቦርዱን ፕሮግራም) መንካት አያስፈልግሽም፤ 3220ውም 3770ውም የአንድ ትውልድ ልጆች ስለሆኑ ቦርዱ ያውቀዋል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ባዮስ ባይነካ እመርጣለሁ።

መጨረሻው ላይ ኬ ያለበት 3770ኬ ቢያቀርቡልሽ ተጨማሪ ብር አትክፈዪ። ኬ ማለት ፍጥነቱን በእጅ ከፍ ማድረግ ይቻላል ማለት ነው፣ ያንቺ ቦርድ ግን ያንን አይፈቅድም። ዚዮን የሚባለውን የሰርቨር ቺፕም ረከሰ ብለሽ እንዳትወስጂ። የዚያ ዘመኖቹ አብዛኞቹ የራሳቸው ግራፊክስ የላቸውም፤ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ካልገጠምሽ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ሁለት ካሜራ — ኅዳር 3

እኔም የሠርግ ፎቶ ነው የምሠራው። ጥገና ቤት ያለው ትክክል ነው፣ ግን ፕሮሰሰር ከመግዛትሽ በፊት ለአንድ ጥያቄ መልስ ፈልጊ፦ ማሽኑን የሚያንቀው የትኛው ነው? ላይትሩም በትንሹ 8 ጊጋ ራም ይፈልጋል፣ አዶቢ የሚመክረው ደግሞ 16 ነው። አንቺ ያለሽ 4 ነው። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ ሃርድ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል፤ በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ይህ ሲሆን ምን ዓይነት ፕሮሰሰር ብታስገቢ ለውጡ አይታይሽም።

የዊንዶውሱን ታስክ ማናጀር (ማሽኑ ምን ያህል እንደተያዘ የሚያሳየውን) ክፈቺና ሁለት ጊዜ ተመልከቺ። አንዴ ከፎቶ ወደ ፎቶ እየሄድሽ፣ አንዴ ኤክስፖርት እያደረግሽ። ቁጥሮቹን ጻፊልን።

አድሚን — ኅዳር 4

እኔ ከሁለታችሁም ትንሽ እለያለሁ። ማሽኑ የ2012 ሥሪት ነው፣ በፈረንጆቹ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ባለፈው ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። ሌላም አለ፦ 3770 ኤቪኤክስ የሚባለውን የትእዛዝ ስብስብ ያውቃል፣ ኤቪኤክስ 2ን ግን አያውቅም። እሱ የመጣው ከአራተኛ ትውልድ ጋር ነው። አዳዲስ የምስልና የቪዲዮ ፕሮግራሞች ውስጥ ኤቪኤክስ 2 ከሌለ አልነሳም የሚሉ አሉ። ስለዚህ አቅም ካለሽ ማሽኑን ሸጠሽ ስምንተኛ ትውልድ ያለው ስላሽ ብትገዢ ዕድሜው ይረዝማል።

አቅም ከሌለሽ ግን ጥገና ቤት ያለሽን አድርጊ። አሁን በሚሠራልሽ የላይትሩም ሥሪት ላይ ቆዪ፣ በራሱ እንዲያድስ አትፍቀጂለት። ዊንዶውስ 10ን በሚመለከት ለተጨማሪ አንድ ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ የሚሰጥ ምዝገባ አለ፣ ተመዝገቢ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዴል በ2023 ደግሞ ሌላ ማሽን ኦፕቲፕሌክስ 7010 ብሎ አውጥቷል፣ አሥራ ሦስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያለው። ኢንተርኔት ላይ ለ7010 የሚሆን ራም ወይም ድራይቨር ስትፈልጊ ሁለቱ ተቀላቅለው ነው የሚመጡት። ከማሽንሽ ጀርባ ያለውን ሰርቪስ ታግ (የማሽኑን መለያ ኮድ) እያስገባሽ ፈልጊ።

ኮምቦልቻዋ — ኅዳር 4

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ 4770ውን ልገዛ ቀብድ ላስይዝ ነበር። ታስክ ማናጀሩን አየሁት። ፎቶ ሳገላብጥ ራሙ ከ3.9 ጊጋ 3.7ቱ ተይዟል፣ ዲስኩ 100 ላይ ቆሟል፣ ፕሮሰሰሩ ግን ከ40 እስከ 60 ነው። ኤክስፖርት ሳደርግ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ራሱ 100 ገብቶ አይወርድም። ታዲያ የቱ ነው ጥፋተኛው?

ሁለት ካሜራ — ኅዳር 4

ሁለቱም፣ በየተራቸው። ስታገላብጪ የሚያቆምሽ ራሙና ዲስኩ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ግማሽ ጉልበቱን ሳይጠቀም ፋይል እስኪመጣለት ይጠብቃል። ኤክስፖርት ላይ ደግሞ የሚለፋው ፕሮሰሰሩ ነው፣ እዚያ የኮር ብዛት ይረዳል። አንቺ በቀን ስንት ሰዓት ስታገላብጪ ትውያለሽ፣ ስንት ሰዓት ኤክስፖርት ታደርጊያለሽ? ኤክስፖርቱን ማታ ለቀሽው መተኛት ትችያለሽ፣ ማገላበጡ ግን ዓይንሽንና ትዕግሥትሽን የሚበላው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ራምና ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ)፣ ቀጥሎ 3770።

ራሙ ዲዲአር 3 የዴስክቶፕ ይሁን፣ 1600 የሚለው፣ ሁለት ባለ 8። ሁለቱን ተመሳሳይ ቀለም ያላቸው መግቢያዎች ላይ ሰኪያቸው፣ ጥንድ ሆነው ሲሠሩ ይፈጥናሉ። ከሰርቨር የወጣ ባለ 16 ራም በርካሽ ይሸጣል፣ ዓይን ያማልላል፣ ግን ያንቺ ቦርድ ላይ አይሠራም። ኤስኤስዲው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ይሁን፤ ኤም.2 የሚባለው ቀጭኑ መግቢያ ይህ ቦርድ ላይ የለም። ገመዱን ሳታ 0 የሚል የተጻፈበት ላይ ሰኪው። ዊንዶውሱ፣ የላይትሩም ካታሎጉ (እርማትሽን የሚይዘው ፋይል) እና የያዝሽው ሥራ ኤስኤስዲው ላይ ይሁኑ። ያስረከብሽው ሠርግ ወደ አሮጌው ዲስክ ይሂድ።

ብር ሳታወጪ ዛሬ የምትችይው ነገርም አለ። ፎቶ ስታስገቢ ስማርት ፕሪቪው አሠሪ፤ ረዥሙ ጎኑ 2560 ፒክስል የሆነ ቀለል ያለ ቅጂ ነው። ከዚያ በፕሪፈረንስ ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለው ገጽ ላይ በዋናው ፋይል ምትክ በስማርት ፕሪቪው እንዲሠራ ምልክት አድርጊ። ኤክስፖርት ሲሆን በዋናው ፋይል ነው የሚያወጣው፣ ጥራቱ አይነካም። እኔ በ8 ጊጋ ላፕቶፕ ሁለት ዓመት የሠራሁት በዚህ ነው።

ከዲሲ — ኅዳር 5

እዚህ አሜሪካ ያገለገለ 3770 በቀላሉ ይገኛል። ለወንድሜ ባለፈው ዓመት ልኬለት ነበር። ዕቃው ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም፣ መንገደኛ ኪስ ውስጥ ይገባል። ሻጩ የቺፑን ፊት በቅርብ ፎቶ እንዲያሳይሽ ጠይቂ፤ 3770 ላይ ኤስአር0ፒኬ የሚል ኮድ ተጽፎ ይታያል። በሁለት በኩል በሚዘጋ ፕላስቲክ ቤቱ ካልሆነ በቀር አትቀበዪ፤ ከስሩ ያሉት ወርቃማ ነጥቦች መፋቅም የእጅ ቅባትም አይወዱም።

ኮምቦልቻዋ — ኅዳር 19

ራሙና ኤስኤስዲው ከደሴ ተገኝተው ገብተዋል። ከፎቶ ወደ ፎቶ ስሄድ አሁን ወዲያው ይጠራል፣ ብሩሹ እጄን ተከትሎ ይመጣል። ስንት ዓመት እንደዚያ ስሠራ የቆየሁት ነገር ያናድደኛል። ያው 100 ፎቶ ኤክስፖርት ግን 12 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ነው፣ ብዙ አልቀነሰም። 3770ው ከአዲስ አበባ ቅዳሜ ይደርሳል።

ኮምቦልቻዋ — ኅዳር 25

ጋሼ ጥገና ቤት፣ እርዱኝ። 3770ውን የእህቴ ባል ገጠመልኝ። ማሽኑ ተነሳ፣ ዊንዶውስም ስሙን በትክክል ያሳያል። ኤክስፖርት ስጀምር ግን ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ ሙቀቱን የሚያሳየው ፕሮግራም 104 ዲግሪ አለኝ። 100ው ፎቶ 9 ደቂቃ ከ40 ፈጀ። ቺፑ የተበላሸ ነው?

ጥገና ቤት — ኅዳር 25

ቺፑ ደህና ነው፣ አጥፊውና ተረጋጊ። ያ ቺፕ 105 ሲጠጋ እንዳይቃጠል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፣ 9 ደቂቃ የፈጀብሽ ለዚያ ነው። ሙቀቱ ወደ ሂትሲንኩ (ከቺፑ ላይ ወዳለው ማቀዝቀዣ ብረት) እየተላለፈ አይደለም። አሮጌው ተርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊው ቅባት) ሳይጠረግ በላዩ ተቀምጧል፣ ወይም ቪዳዎቹ እኩል አልጠበቁም ብዬ እገምታለሁ።

መብራቱን ከግድግዳው ንቀዪ። ኬዙን ክፈቺ፣ የሂትሲንኩን አራት ቪዳ ፍቺ። ሲነሳ እንቢ ካለ ወደ ላይ አትሳቢው፣ ግራና ቀኝ ቀስ አድርገሽ አዙሪው። ቺፑም ላይ ሂትሲንኩም ላይ ያለውን ፔስት ከፋርማሲ በገዛሽው አልኮልና ክር በማይለቅ ጨርቅ ብረቱ እስኪያበራ ጥረጊው፣ ይድረቅ። አዲሱን ፔስት መሐል ላይ ከምስር ተለቅ፣ ከአተር አነስ አድርገሽ ጣል አድርጊ። በጣት አትለቅልቂው፣ ሂትሲንኩ ሲጫነው ራሱ ይዘረጋል።

ዋናው ቪዳው ነው። አንዱን እስከ ጥግ አጥብቀሽ ወደ ጎረቤቱ አትሂዪ፣ ሂትሲንኩ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። አንዱን ሁለት ዙር፣ ከዚያ በሰያፍ ያለውን ሁለት ዙር፣ እንደገና ሌሎቹን ሁለቱን፤ እንዲህ እያልሽ በየተራ። እግረ መንገድሽን በፋኑና በሂትሲንኩ ክንፎች መካከል ያለውን አቧራ በብሩሽ አውጪ።

ኮምቦልቻዋ — ኅዳር 26

እንዳሉት አንዱ ቪዳ ሙሉ በሙሉ ጠብቆ በሰያፍ ያለው ላላ ብሎ ነው ያገኘሁት። አሮጌው ፔስት ደርቆ እንደ ኖራ ሆኗል፣ አዲሱ ከላዩ ተቀብቷል። ጠርጌ ገጠምኩት። ሙቀቱ 72 ላይ ቆመ፣ 100ው ፎቶ በ6 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ወጣ። ሁለት ጊዜ ደግሜ ለካሁት፣ ሁለቱም ጊዜ ያው ነው።

ሁለት ካሜራ — ኅዳር 26

ደስ ይላል! አሁን ከትርፉ ላይ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያቆይ ባትሪ) ይግባ። መብራት ካታሎጉ ክፍት እያለ ሲጠፋ ፋይሉ የሚበላሽበት ጊዜ አለ፤ እኔ የአንድ ሙሉ ሠርግ እርማት እንዲህ ሄዶብኛል። ላይትሩም በተዘጋ ቁጥር የካታሎጉን ቅጂ እንዲያስቀምጥ አድርጊ፣ ቅጂው ደግሞ ኤስኤስዲው ላይ ሳይሆን አሮጌው ዲስክ ላይ ይሁን።

ኮምቦልቻዋ — ኅዳር 26

አደርጋለሁ። ጋሼ፣ የወጣውን አይ 3 አንድ ልጅ ልግዛሽ ይለኛል፣ ልሽጠው?

ጥገና ቤት — ኅዳር 26

አትሽጪው፣ የሚያወጣልሽ ብር ትንሽ ነው። 3770ው በመጣበት ፕላስቲክ ውስጥ ከተሽው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪው። ማሽኑ አንድ ቀን አልነሳም ቢል ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ይሁን የቦርዱ የምትለዪው እሱን መልሰሽ በመግጠም ነው።